እስኪወርድ የሚጠብቁት ጋሽ ይርጉ

ከተማው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የነገር ሁሉ ዋጋ መቼ እንደሚወርድ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋበትም። ዘይት ይሁን ሲሚንቶ፣ ዶላር ይሁን ሽንኩርት፣ ይህ ሰው ጊዜውን ያውቃል። ሲገዛ ግን ያየው የለም። እናንተ ከገዛችሁ ቸኩላችኋል። ሳትገዙ ቀርታችሁ ዋጋው ከጨመረ ደግሞ እሱ ነግሯችሁ ነበር፤ ያልሰማችሁት እናንተ ናችሁ። ታውቁታላችሁ። ምናልባትም አጎታችሁ ነው።

ዲላ ላይ ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ይርጉ ናቸው። የቆርቆሮና የምስማር ሱቃቸው እኔ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ጎን ለጎን ነው። መሃላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ክቡርነታቸው ሲያስነጥሱ "ይማርዎ" የምለው እኔ ነኝ። በቀን ውስጥ ከግድግዳው ወዲያ በብዛት የምሰማው ቃል አንድ ነው፦ "ገና ነው!"

"ጋሽ ይርጉ፣ ሞተር ልግዛ እንዴ?"

"ገና ነው!"

"ጋሼ፣ ጤፍ ዛሬ ትንሽ ቀንሷል ይላሉ፣ ኩንታል ላስገባ?"

"ገና ነው፣ ገና! ይወርዳል።"

ጤፉ አልወረደም። ሰውየው ግን በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ስለ በግ ጠየቀ።

ይህ ሁሉ ክብር የተገኘው በአንድ ዓመት ንግድ ነው። ጋሽ ይርጉ ድሮ ኮንጋ ላይ ከገበሬ ቡና እየሰበሰቡ ለትልልቅ ነጋዴዎች ያቀርቡ ነበር። አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ በመከር ሲሸጥ እሳቸው ቤት አስገብተው ከምረው፣ ኬሻው ላይ ፍራሽ አንጥፈው እየተኙ ክረምት ጠበቁ። ዋጋው ጣሪያ ሲነካ ሸጡ። ዲላ ላይ ቤትም ሱቅም የሠሩት በዚያ ገንዘብ ነው። በማግስቱ ዓመት እንደዚያው ከምረው ጠበቁ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ቡናው ሻገተ፣ ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ። ስለ ሁለተኛው ዓመት በከተማው የሚያወራ ሰው የለም። የሚያወሩት ሚስታቸው እትዬ የትምወርቅ ብቻ ናቸው።

"ይሄ ሰውዬ እኮ እኔንም ያገባኝ ዋጋዬ እስኪወርድ ጠብቆ ነው" ይላሉ እትዬ፣ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ። "ሃያ ዓመቴ ላይ አየኝ። ሠላሳ ልሞላ ስል ሽማግሌ ላከ።"

"ታዲያ ከሰርኩ?" ይላሉ ጋሽ ይርጉ ከውስጥ።

"አንተማ ምን ሆነህ! የከሰርኩት እኔ።"

ክቡርነታቸው ለራሳቸው ጉዳይም የሚያዳሉ አይደሉም። ከግቢያቸው ጓሮ አንድ ክፍል ሊሠሩ የግድግዳ ቋሚ እንጨት ተከሉ፤ ሲሚንቶ እስኪወርድ ጠበቁ። አሁን ከቋሚዎቹ አንዱ ቅጠል አውጥቶ ዛፍ ሆኗል፣ ዶሮ ይሰፍርበታል። አማታቸው ያረፉ ጊዜ ደግሞ ሳጥን እንዲገዙ ተልከው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳጥን ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሰው ሄዶ ቢፈልጋቸው "ሊዘጋ ሲል ይቀንሳል። ማታ ሳጥን የሚገዛ ማን አለ?" አሉ። ቄሶቹ ፍትሐቱን አስረዝመው፣ አስረዝመው፣ ድምፃቸው ተዘጋ። ይህን የነገረችኝ ከፊት ለፊታችን ጨርቅ የምትሸጠው ሐያት ናት። ስትነግረኝ በሳቅ እንባዋን እየጠረገች ነበር። ከዚያ ሳቋን አቆመችና "ግን እኮ ቀነሰላቸው" አለች።

ብራችን ዋጋው በገበያ ይወሰን የተባለ ጊዜ ከተማው ሁሉ ደነገጠ። ቆርቆሮ በሳምንት ውስጥ ዋጋው የማይታወቅ ዕቃ ሆነ። ነጋዴው ያለ የሌለ ገንዘቡን ዕቃ ላይ ሲያፈስ፣ ጋሽ ይርጉ የነበረውን ቆርቆሮ ሸጠው ጨረሱና ገንዘቡን የብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። መደርደሪያው ላይ ምስማርና ማጠፊያ ብቻ ቀረ።

"ሲወርድ እገዛበታለሁ" አሉ።

"ጋሽ ይርጉ" ትላቸዋለች ሐያት፣ "ያ ሳጥን ውስጥ ያለው ብር ውኃ ውስጥ እንደተረሳ ሳሙና እያለቀ ነው። አንድ ቀን ሲከፍቱት አረፋ ነው የሚያገኙት።"

"አንቺ ጨርቅሽን ለኪ።"

በዚያ ሰሞን ነው አዲስ አበባ ላይ የአክሲዮን ገበያ ተከፈተ የሚለው ወሬ በሬዲዮ የመጣው። ጋሽ ይርጉ አክሲዮን ምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር። የዝግጅቱን ግማሽ ሰሙ፤ ሌላውን ግማሽ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ሸፈነባቸው። እኔ ጋ መጥተው ተቀመጡ።

"ገብቶኛል" አሉ። "ይሄማ ጀንፈል ነው!"

"እንዴት ሆኖ ጋሼ?"

"ያው ነዋ! ሰው ሁሉ ሲቸግረው አንድ ላይ ይሸጣል፤ ይወርዳል። ያን ጊዜ ትገዛለህ። ታስቀምጣለህ። ክረምቱ ጠለቅ ሲል ይወጣል።"

"አክሲዮን ክረምት ምን ያደርግለታል?"

"አንተ ገና ልጅ ነህ።"

ትንሽ አሰብኩና "እሺ፣ መጨረሻው ድረስ መውረዱን በምን ያውቃሉ?" አልኳቸው። ይህን ስጠይቅ ፈገግ አሉ፤ ቀስ ብለውም የሙያቸውን ሁሉ ምሥጢር ነገሩኝ። ቡና የሚሰበስብ ሰው፣ አሉ፣ ቡናውን አያይም፤ የገበሬውን ደጅ ነው የሚያየው። ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው? ሰው ታሟል? ሠርግ ደግሷል? ቅጣት ተጥሎበታል? ዋጋው ያለው እዚያ ነው። "ሬዲዮው ዋጋ የሚነግርህ ከአዲስ አበባ ነው። እውነተኛው ዋጋ ግን ሻጩ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው ያለው።"

ከዚያ በኋላ ክቡርነታቸው ለቅሶ መድረስ ጀመሩ። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳን ሳይተከል የሚደርሱት እሳቸው ሆኑ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ጥግ ይይዛሉ፤ ንፍሮ ይዘግናሉ፤ ጎናቸው የተቀመጠውን ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃሉ፦ "ነፍሳቸውን ይማር። ደግ ሰው ነበሩ። ለመሆኑ አክሲዮን ነበራቸው?" ከተማው "ጋሽ ይርጉ በስተርጅና እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ሆኑ!" እያለ አደነቀ። እድሩም ለዳኝነት ሊመርጣቸው አስቦ ነበር። እሳቸው ግን ጊዜው ገና ነው አሉ።

ለቅሶ በለቅሶ ሲዞሩ ያላገኙት ነገር በመጨረሻ የመጣው እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት መስታወት ላይ ነው።

ዘርትሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ባሏ እንድርያስ ከዲላ ሀዋሳ ሚኒባስ ይነዳል፤ ይነዳ ነበር። ስኳር አለበት። ጎማ ሲቀይር ምስማር እግሩን ወጋው፤ አልተሰማውም። ሲሰማው ቁስሉ ሰፍቶ ነበር። እዚህ ያዩት ሐኪሞች ደም ሥሩን የሚያክሙት ሀዋሳ ስለሆነ ቶሎ ይሂድ አሉ፤ ቶሎ የሚለውን ቃል ሁለቴ ነው ያሉት። የአልጋው፣ የመድኃኒቱ፣ የቀዶ ሕክምናው ሲደመር እሷ እጅ ላይ የሌለ ገንዘብ ነው። ባንክ ብድር አቁሟል። ገደብ ወረዳ ያሉት ወንድሞቿ ቡናቸውን ሸጠው ከበሉ ቆይተዋል። ያላት ነገር ከደመወዟ ላይ ለዓመታት እየቀነሰች የገዛችው የባንክ አክሲዮን ነበር። "አክሲዮን ይሸጣል" የሚል ወረቀት አስጻፈችኝና መስታወቴ ላይ ለጠፈችው።

ጋሽ ይርጉ አነበቡት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡት። የዚያን ቀን በከተማው ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ቆልፎ የተቀመጠ ሰው እሳቸው ብቻ እንደሆኑ እሳቸውም፣ እኔም፣ ሐያትም እናውቅ ነበር።

ዘርትሁን መጀመሪያ የመጣች ቀን የጠየቀችው በገዛችበት ዋጋ ነው። በግድግዳው ሰማሁ።

"ጋሼ፣ ትርፍ አልፈልግም። ያወጣሁትን ብቻ።"

"ልጄ፣ ጊዜው ክፉ ነው። እጄ ላይ ምንም የለም። እስኪ ልፈላልግልሽ።"

"ሐኪሙ ቶሎ ብሏል ጋሼ።"

"እግዚአብሔር ይማረው። እስኪ እንይ።"

ሁለተኛ ስትመጣ ሩቡን ቀነሰች። ትንሿ ጣቱ ጠቁራለች አለች። ጋሽ ይርጉ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ የመምጠጡ ድምፅ እንኳ በኮምፔርሳቶው አልፎ ደረሰኝ። ገንዘብ እያፈላለጉ መሆናቸውን ነገሯት። ሳጥኑ ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ነበር።

ሦስተኛ የመጣች ቀን ዝናብ እየደበደባት ነው። ራሷ ላይ ፌስታል አድርጋለች። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

"በግማሽ ይውሰዱት ጋሼ።"

ከግድግዳው ወዲያ ብረት ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። እኔም ማሽኑን አቆምኩት።

"እስከ ቅዳሜ እንይ እስኪ፣ ልጄ።"

ስትወጣ በደጄ በኩል አለፈች። አላየችኝም። ወዲያው ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ።

"ሰማህ? ወረደ!"

"ታዲያ ይግዙት እንጂ ጋሼ!"

"ገና ነው። ቡናውን ተሸክሞ ገበያ የወጣ ገበሬ መልሶ ተሸክሞ አይሄድም።"

ድምፃቸው ውስጥ ክፋት ቢኖር ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ሐያት መንገዱን ተሻግራ መጣች። ነገሩን ከየት እንደሰማችው አላውቅም፤ ሱቅ ለሱቅ ወሬ ከዝናብ ይፈጥናል።

"ጋሽ ይርጉ፣ ፈጣሪን አይፈሩም? ሰው እየበሰበሰ እኮ ነው!"

"ንግድ ነው ሐያት። አንቺስ ሐዘንተኛ ጥቁር ጨርቅ ሲፈልግ ዋጋ ትቀንሻለሽ?"

ሐያት ዝናቡን ተሻግራ ተመለሰች። ቀኑን ሙሉ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ጨርቅ ስታጣጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ እንደገና ስታጣጥፍ አየኋት።

በማግስቱ ጋሽ ይርጉ ብርቱካን ገዙ። ያለ ክርክር ነው የገዙት፤ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። "በሽተኛ ልጠይቅ" ብለው ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ። እኔ የሚሄዱበትን ምክንያት አውቃለሁ። ደጁን ሊያዩ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ ስንት እንደሚወርድ ሊገምቱ።

የተመለሱት ወደ ሱቃቸው አይደለም፤ ወደ እኔ ነው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውኃው ከኮታቸው እየተንጠባጠበ ወለሉን አረጠበው።

"ጻፍ" አሉ።

"ምን ልጻፍ ጋሼ?"

"የሽያጩን ውል።"

"በግማሽ?"

"መጀመሪያ ባለችው።"

"ጋሼ፣ እሷ ራሷ እኮ ግማሽ ብላ..."

"ጻፍ ተብለሃል!"

ጻፍኩ። እጄ እየጻፈ እሳቸው ወለሉን እያዩ ተናገሩ። "እኔ እንድርያስን እግርህን አሳየኝ አላልኩትም። ራሱ ብርድ ልብሱን ገለጠው። 'ጋሽ ይርጉ፣ እርስዎ ቡና ያውቃሉ፤ እስቲ ያሽትቱልኝ፣ ሻግቷል እንዴ?' አለና ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ! ብርቱካኑን ላጠልኝ። እኔ የወሰድኩለትን ብርቱካን ልጦ ለእኔ አቀበለኝ።"

የብረት ሳጥኑን እንዳለ ተሸክመው ነው ዘርትሁን ቤት የሄዱት፤ ከፍተው ሲያወጡ ሰው እንዳያየው እንኳ አልተጠነቀቁም። እንድርያስን የዚያኑ ቀን ሀዋሳ ወሰዱት። የሚኒባስ ጓደኞቹ የኋላውን ወንበር ነቅለው ፍራሽ አነጠፉለት።

እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ለዘርትሁን ከሳምንት በፊት ብታመጪው ጣቶቹን ብቻ ነበር የምናነሳው ብሏታል። ይህን ወሬ ከሀዋሳ ያመጣው ሾፌር ሱቅ በር ላይ ሲናገር ጋሽ ይርጉ ምስማር እየመዘኑ ነበር። ሚዛኑ ላይ መጨመራቸውን አላቆሙም። ገዢው "ኧረ በቃ ጋሼ፣ ግማሽ ኪሎ ነው ያልኩት" እስኪላቸው ድረስ ጨመሩ።

የዚያንኑ ባንክ አክሲዮን ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሰዎች እሳቸው ከገዙበት በብዙ ባነሰ ዋጋ ሸጡ። ባንኩም ያን ዓመት ትርፍ አላከፋፈለም። የዲላ የጊዜ ሊቅ በዕድሜያቸው የገዙት ብቸኛ አክሲዮን ከሁሉ ውድ በነበረበት ቀን የተገዛ ሆነ። ሐያት ይህን ብታውቅም አላፌዘችባቸውም። ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅኩት በዚህ ነው።

እንድርያስ ቤቱ ሲገባ ሰፈሩ ሊጠይቀው ሄደ። እኔም ከጋሽ ይርጉና ከእትዬ የትምወርቅ ጋር ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል። እንድርያስ ግድግዳውን ተደግፎ አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ቶሎ ያልቃል። ሰው ሁሉ ሌላ ሌላውን ነው የሚያየው።

ዘርትሁን ጋሽ ይርጉን ስታይ ተነሣች። በሰው ፊት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

"እርስዎ ባይደርሱልን ኖሮ ዛሬ የምንቀመጠው ለቅሶ ነበር" አለች።

ሰዉ አጉረመረመ፤ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ጋሽ ይርጉ እንድትነሣ ክንዷን ይዘው ነበር። አልለቀቋትም።

"ገንዘቡ ነበረኝ" አሉ።

"እንዴ፣ ጋሼ?"

"መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ነበረኝ። ከተቀመጥኩበት ሥር ነበር። እስኪወርድ ነው የጠበቅኩት።"

እትዬ የትምወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ታሰበኝ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን አንድ አንድ ነገር ቆልፈን ነበር፤ የተናገረው ግን አንዱ ነው።

"አውቃለሁ" አለች ዘርትሁን።

"ታውቂያለሽ?"

"ሁሉም ሰው ያውቃል ጋሼ። ሳጥኑ በእግርዎ ሲገፋ ይሰማኝ ነበር።"

"ታዲያ ጉልበቴን የምትስሚው ምን ሆነሽ ነው?"

"ሌላ የመጣ ሰው አልነበረማ!"

አልጮኸችም። ዕቃ ከየት እንደተገዛ እንደምትናገር ሴት ነው ያለችው። ጋሽ ይርጉ ቁጭ አሉ። እንድርያስ ነው ከአልጋው ላይ ሆኖ "በሉ እንጂ፣ ሻይ አቅርቡላቸው፤ ሽማግሌውን በደረቁ አስቀመጣችሁ" ያለው።

ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸውን ዋጋ የሚጠይቃቸው ሰው ቢመጣ "እኔ ምን አውቃለሁ" ይላሉ። ሰው እየተናደደ ይሄዳል። ሥራቸው ሌላ ሆኗል። ሐኪሞቹ ለእንድርያስ ሰው ሠራሽ እግር የሚገጠመው ቁስሉ በደንብ ጠግጎ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ ከወራት በኋላ እንደሆነ ነግረውታል። እንድርያስም ዘርትሁንም ተቀብለውታል። ጋሽ ይርጉ ግን በየማለዳው ሱቃቸውን ሳይከፍቱ እኔ ጋ ይመጣሉ፤ የስልኩ ቁጥር አይታያቸውም። ሀዋሳ፣ እግር የሚሠራበት ቦታ እደውልላቸዋለሁ።

"ደህና አደርሽ ልጄ? እኔ ነኝ፣ የዲላው። የእንድርያስ ነገር ዛሬ አይሆንም?"

ሴትዮዋ ታስረዳቸዋለች። አሁን ቢገጠምለት ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፣ ሌላ መቁረጥ ሊያመጣ ይችላል ትላቸዋለች። ድምፅዋ ከስልኩ ውጭ ይሰማል፤ ትዕግሥተኛ ሴት ናት።

"እሺ፣ ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" ይላሉ ጋሽ ይርጉ። "ነገስ?"

ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩት ሰውዬ፣ መጠበቅ ትክክል በሆነበት በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ መጠበቅ አቅቷቸዋል። ጊዜውን እንደተሳሳቱ ሴትዮዋ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። አንዳንድ ቀን ላርማቸው አስብና ፊታቸውን አያለሁ። ከዚያ ስልኩን ከእጃቸው ተቀብዬ ቁጥሩን እመታላቸዋለሁ።